«ክርስትና አንሺልኝ» ሲሉን ምን እያሉን ነው?

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ካዛንቺስ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ደወለችልኝ። አራስ ናት። «የልጄ ሰማንያ እየደረሰ ነው፤ ክርስትና አንሺልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በሐሳቤ የነበረው የሕፃኗ ልብስና የአንገት መስቀል ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹን ዞርኩ።

ቀኑ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ኡራኤል ተገኘን። ክርስትና ቤቱ ውስጥ ቄሱ ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞሩት። ሰይጣንን እክዳለሁ እንድል ነገሩኝ። አልኩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ። አምናለሁ እንድል ነገሩኝ። አልኩ። ድምፄ ግን ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የተጠየቀችው እሷ ናት። አፍ ስለሌላት እኔ መለስኩላት። በሰው ነፍስ ጉዳይ ቃል ሰጥቼ ቃሉ ምን እንደሆነ ግን በደንብ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፤ አባቶችንም ጠይቄያለሁ። ልጅን ከሕፃንነቱ በክርስትና ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ፣ በተለይ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የተረዳሁትን በቀላሉ ልንገራችሁ።

ከቀኑ እንጀምር። ክርስትናውን በቀኑ ስም ነው የምንጠራው፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ። ቁጥሩ ከመጽሐፈ ኩፋሌ የመጣ ነው። ኩፋሌ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት አንዱ ነው። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን በዚሁ ቀን ወደ ውኃው ስታቀርበው አዳምና ሔዋን ያጡት የእግዚአብሔር ልጅነት ተመለሰለት ማለቷ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ም ለእናቲቱ ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል። ወንድ ለወለደች 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66። ደምሩት፤ ያው 40 እና 80 ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሁለት ናቸው። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትገባለች፤ እናቷ ደግሞ ከአራስ ቤት ወጥታ፣ ጸሎት ተደርጎላት ተመልሳ ትገባለች።

«ሴቷ ለምን ዘገየች?» ብለው ቅር የሚላቸው አሉ። እኔም ጠይቄያለሁ። ጥምቀቱ ያው ጥምቀት ነው፤ ቅባቱ ያው ቅባት ነው፤ የምታገኘው ልጅነት ከወንዱ በምንም አያንስም። ልዩነቱ የቀኑ ብቻ ነው። ደግሞ ሕፃኑ በጠና ከታመመ 40 ወይም 80 አይጠበቅም። ቄስ ተጠርቶ ይጠመቃል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ስላሉ በደንብ ይታወቅልኝ።

በዚያ አንድ ጠዋት የሚፈጸመው ምሥጢር አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። መጀመሪያ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ትጠልቃለች። ቀጥሎ ቅዱስ ሜሮን የተባለውን የተቀደሰ ቅባት ትቀባለች። ይህንን በቅርብ ነው ያየሁት። የቄሱ ጣት ግንባሯ ላይ ጀመረ። ወደ ዓይኗ፣ ወደ አፍንጫዋ፣ ወደ ከንፈሯ፣ ወደ ጆሮዋ ሄደ። እንዲህ እያለ እስከ እግሯ ወረደ። 36 ቦታ ነው። ውኃው ውስጥ ስትጮህ የነበረች ልጅ ቅባቱ ላይ ዝም አለች፤ ትልልቅ ዓይኖቿን ከፍታ የቄሱን ጢም ታያለች። ከዚያ ማዕተቡ አንገቷ ላይ ታሰረ። ከዚያ ቅዳሴ ገባን፤ በመጨረሻም ቆረበች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የ80 ቀን ልጅ ቆረበች። ደግሞም ከእኛ በፊት። በቁርባን ሰዓት ሕፃናቱ ከካህናቱ ቀጥለው ነው የሚቀርቡት፤ ትልቁ ሰው ተራውን ይጠብቃል። እኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። በእኛ ሥርዓት ሕፃን «ሲያድግ ክርስቲያን የሚሆን ልጅ» አይደለም። በዚያው ቀን ሙሉ ክርስቲያን ነው፤ ምንም የሚጎድለው የለም። የሚቀረው የተሰጠውን እያወቀ ማደግ ነው። ማሳወቁ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

«ሳይገባት?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ልጆች ሲጎረምሱ ራሳቸው ይጠይቁታል። «ለምን አላማከራችሁኝም?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ በቁጣ መመለስ ትልቅ ስሕተት ነው። የኔ መልስ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ እናት ልጇን በ45 ቀኑ ጤና ጣቢያ ወስዳ ታስከትበዋለች። ልጁ አልተጠየቀም። ያለቅሳልም። እናት ግን ለልጇ መልካም እንደሆነ ያመነችበትን ነገር «ሲያድግ ይምረጥ» ብላ አታቆይበትም። ክርስትናም ለሚያምን ወላጅ ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ከመጽሐፍም ብናይ፣ የብሉይ ኪዳን ልጅ የተገረዘው በ8 ቀኑ ነው፤ ቃል ኪዳኑ ሳይገባው ወደ ቃል ኪዳኑ ገብቷል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የፊልጵስዩስ ወህኒ ጠባቂ የተጠመቀው ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ከሕፃንነትህ ጀምረህ ቅዱሳን መጻሕፍትን አውቀሃል ይለዋል። ማን አስተማረው? አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ። ስማቸው ሳይቀር ተጽፏል።

ሌሎች ክርስቲያኖች በዚህ ላይ እንዴት እንደሚያስቡ ማወቁም ይጠቅማል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጊቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አብረን ነው የምንኖረው። ካቶሊኮች ሕፃን ያጠምቃሉ፤ በላቲን ሥርዓት ግን የመጀመሪያ ቁርባኑ ልጁ ነፍስ ካወቀ በኋላ ነው። መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ግን ሰው በራሱ አንደበት አምኖ ሲመሰክር ነው የሚያጠምቁት። ሕፃኑን በጉባኤ ፊት አቅርበው ይጸልዩለታል። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ግን ሁሉም ጋ ልጅን ከሕፃንነቱ ይዞ ወደ እግዚአብሔር ማቅረብ አለ።

አሁን ዕለት ተዕለት ወደምንጠራው አንድ ስም ልውሰዳችሁ። የክርስትና ልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ» ይላል። ስንቶቻችን ነን መታወቂያችን ላይ ይህን ስም ይዘን የምንዞረው? ቂርቆስ ማን ነው? የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ስለ ክርስቶስ ተይዞ በጋን ውስጥ በፈላ ውሃ ፊት ቆመ። እናቱ ፈራች። ያጽናናት እሱ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ያዳናቸው ብለን የምናከብረው ይህንን ነው። ሥዕሉን ብዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ እናትና ልጅ ጋኑ ውስጥ፣ መልአኩ ከላይ።

ከካዛንቺስ ወደ አራት ኪሎ ብትወጡ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በዓታ አለች። በዓታ ማለት «መግባቷ» ማለት ነው። ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ ወስደው ሰጧት። 12 ዓመት በዚያ ኖረች። በዓሉ ታኅሣሥ 3 ነው። በዚህ ከተማ እምብርት የአንድ ክፍለ ከተማ ስምና የአንድ ታላቅ ደብር ስም ስለ ሦስት ዓመት ልጆች ይናገራሉ። «ሕፃን ምን ይገባዋል?» ለሚል ሰው እኔ መጀመሪያ የማነሳለት እነዚህን ነው።

ወደ ቃሌ ልመለስ። ክርስትና «ማንሳት» የሚባለው ልጁን ከውኃው ስለምናነሳው ነው። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ትቆማለች። ዝምድናው የወግ አይደለም። ከሥጋ ዝምድና እኩል ስለሚቆጠር የኔ ልጅና የክርስትና ልጄ ሊጋቡ አይችሉም። ከወላጆቿ ጋር ደግሞ አበልጅ ሆነናል። ልጅቷ ሃይማኖቷን የማወቅ መብት አላት፤ ካላወቀች ከወላጆቿ ቀጥሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

እውነቱን እንነጋገር። ይህ ነገር በከተማችን ተዳክሟል። የክርስትና አባት የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በቅርበት ነው፤ አንዳንዴም በኪሱ ነው። ድንኳኑ ይጣላል፣ በጉ ይታረዳል፣ ፎቶው ይነሳል። ከዚያ በኋላ ልጁና የክርስትና አባቱ የሚገናኙት በሠርግና በለቅሶ ነው። ልጁን «የክርስትና ስምህ ማነው?» ብትሉት እናቱን ያያል። እናቱም ወረቀቱን ትፈልጋለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ያ ስም የሚያስፈልግ ስም ነው። ሲቆርብ የሚጠራው በሱ ነው። ቄሱ ሲጸልዩለት በሱ ነው። አንድ ቀን ፍትሐት ሲደረግለትም በዚያው ስም ነው። የኔዋ ወለተ ሚካኤል ናት፤ ቀኑ በ12 ስለዋለ ነው። «ወለተ» ልጅ ማለት እንደሆነ ነግሬያታለሁ። «የሚካኤል ልጅ ነኝ» እያለች ሰፈሩን ታዳርሳለች።

ታዲያ ከክርስትናው በኋላ ምን ይደረግ? በየዕድሜው ይለያያል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዓመታት እንዳንንቅ እለምናለሁ። በዚያ ዕድሜ ልጅ የሚማረው በማብራሪያ አይደለም። በአፍንጫው ዕጣን ይማራል። በከንፈሩ መስቀል ይሳለማል። በጆሮው ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሠሃለነ» የሚለውን ሕዝብ ሰምቶ ቤት ሲመጣ አሻንጉሊቶቹን ደርድሮ ያስቀድሳል። ትርጉሙን አያውቅም። ግን ቦታው የሱ ቤት እንደሆነ ያውቃል።

ለዚህ ነው «ልጁ ይረብሻል» ተብለው ከቅዳሴ መሃል ወደ ውጭ የሚላኩ እናቶች ነገር የሚከነክነኝ። አንዲት የማውቃት እናት እንዲህ ተብላ ዓመት ሙሉ ቀረች። ሕፃን ያለቅሳል። ይዞ ትንሽ ወጣ ብሎ አባብሎ መመለስ ነው። ቀድሞ ለቁርባን የሚጠራው እሱ ከሆነ ልቅሶውን መታገሥ የኛ ድርሻ ነው። እናቶችም ብስኩትና ስልክ ይዞ ከመግባት ይልቅ ልጁ የሚያየው ሥዕል ያለበት ቦታ ብትቆሙ ይሻላል። ለቁርባን የምታቀርቡት ከሆነ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና ጡት ማቆም እንዳለበት አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ይነግሯችኋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ትንሽ ነው። ዳቦ ሲቆረስ ማማተብ። ከመተኛቱ በፊት «አባታችን ሆይ»። የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ ከስንክሳር በልጅ ቋንቋ ማውራት። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑን አብሮ መልቀም፣ ለምን ጉልባን እንደሚበላም መንገር። ሆሳዕና ላይ የዘንባባ ቀለበት መሥራት። ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» ሲል ሙልሙሉን ብቻ ሳይሆን የደብረ ታቦሩን ታሪክም መስጠት። የኛ ሃይማኖት ዓመቱን ሙሉ ለልጅ እጅ ሥራ፣ ለአፉም መዝሙር የሚሰጥ ነው። ይህን ሀብት ይዘን ለልጆቻችን ካርቱን ብቻ ከከፈትንላቸው ጥፋቱ የኛ ነው።

ጾምን ልጅ የሚለማመደው በተለምዶ 7 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ንስሐ አባት ጋ ቀርቦ መናገርም ይጀምራል። መጀመሪያ የሚመጣለት ጾም ብዙ ጊዜ ፍልሰታ ነው፤ የሕፃናት ጾም የምንለውም ለዚህ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ 16 ይፈታል። ጊዜው ራሱ ተስማሚ ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ቀን ላይ ቅዳሴ አለ፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል። በዝናብ ውስጥ ነጠላ ለብሰው፣ በቡት ጫማ ጭቃ እየረገጡ የሚሮጡትን ልጆች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ልጅ ግን እስኪደክመው አይጾምም። ሰዓቱን በትንሽ በትንሹ ነው የሚያራዝመው።

ሰባት ዓመት ላይ ሌላም የሚጀመር ነገር አለ፤ ማብራሪያ። እስከዚያ ያደረገውን አሁን «ለምን?» ይላል። ድሮ ለዚህ የቄስ ትምህርት ቤት ነበረ። ልጅ ከፊደል ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ዳዊት ይደግማል። ዛሬ ብዙው የመሃል ከተማ ልጅ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው፤ አማርኛ ማንበብ የሚከብደውም አለ። ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስመዝገብ የግድ ነው፤ ደግሞም ከጎኑ ቁጭ ብሎ ፊደል ማስቆጠር። ልጅ አስጠኚ ሲቀጠርለት ለሒሳብና ለፊዚክስ ብቻ ለምን ይሆናል?

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እግዚአብሔርን አያ ጅቦ አታድርጉት። «ዝም ካላልሽ ማርያም ትቆጣሻለች»፣ «እግዜር ያቃጥልሃል» እያልን ሾርባ የምናበላ ብዙ ነን። ልጁ ሾርባውን ይጨርሳል። ግን ሲያድግ የሚያውቀው አምላክ የሚያስፈራ ብቻ ይሆናል፤ ጉልበት ሲያገኝ ደግሞ የሚሸሸው ከሱ ነው። ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቆጡ ያለው በከንቱ አይደለም። እየተደበደበ ሰንበት ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ሠፈራችን ነበር። ዛሬ ደጁን አይረግጥም። ጥፋተኛው እሱ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሌላው የዘመናችን ፈተና ርቀት ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ሲነሣ የተበተነው ሰው ብቻ አይደለም። ልጁ የሚሳለመው ደብር፣ ማዕተብ ያሠሩለት ቄስ፣ «የእከሌ ልጅ አይደለህም ወይ?» የምትለው እማሆይም ተለዩት። ጓደኛዬ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ በስልክ ቅዳሴ ከፍታ ልጇን ታስቀምጣት ነበር። ለታመመ ሰው መልካም ነው። ልጅ ግን ስክሪን አትሳለምም፤ ከስክሪን አትቆርብም። ተነጋገርንና ተስማማን። በየሳምንቱ እዚያው በቅርባቸው ያለው ደብር ትወስዳታለች። በወር አንዴ፣ በተለይ በ12፣ እኔ መሃል ከተማ ድረስ አመጣታለሁ። ታክሲው ሁለት ነው፤ ጠዋት ሰልፍ አለ። ቃሉን የሰጠሁት ግን ሁሉን አውቆ ለሚሰማ ነው።

ባለፈው ፍልሰታ አንድ ቀን ኡራኤል አቆረብናት። በዕርፈ መስቀሉ፣ መስቀል ባለበት ማንኪያ፣ ደሙን ሲሰጧት አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተች። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ «እንዳይወድቅ» አለቻት። የቅዳሴ ጠበል ጠጣች። እንደገና ሸፈነች። ከጊቢ ወጣን። ዝናቡ ጀምሯል። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፤ በሁለት እጇ ነጠላውን አፏ ላይ እንደያዘች ነው። «አሁን ይበቃል እናቴ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እስከ መገናኛ አላወረደችውም።